በይሉኝታ የዘለልኩት ገጽ

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛዋ ሆዷን ታማ በየክሊኒኩ «ታይፎይድ ነው» እየተባለች የምትመለስ ሴት ናት። ሁለተኛው ደግሞ ግማሹን ብቻ ይዞ ለሰው የሚያስተምር ሰው ነው። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ሆኜ ተገኘሁ።

አስቴር እባላለሁ። ቦንጋ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ደብዳቤ መመዝገብ፣ ማህደር መክፈት፣ የጠፋ ፋይል መፈለግ ሥራዬ ነው። ፋይሉን ያጠፋው ሰውዬ ራሱ መጥቶ ሲጮህብኝ ዝም ብሎ መስማትም ሥራዬ ነው። ባለቤቴ ታምራት የግንባታ ፎርማን ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትንሿ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ካቶሊክ ነኝ። በከተማችን ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ነው የሚበዛው፤ ታምራት ራሱ ያደገው ጴንጤ ቤት ነው። እኛ ጥቂት ስለሆንን የቤተክርስቲያኑን ሥራ እንከፋፈላለን፤ ለእኔ የደረሰኝ ለመጋባት የተጫጩ ወጣቶችን ማስተማር ነው። ስታመም ዘጠነኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

የወር አበባዬ ሁለት ሳምንት አለፈው። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ትንሽ ደም ታየኝና ይኸው መጣ አልኩ። ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ጠቆር ያለና ጠብ ጠብ እያለ የሚቆም ነበር። ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል ይወጋኝ ጀመር። ቁጭ ብድግ ማለት አቃተኝ። ቢሮ ውስጥ ወንበሬን ይዤ ስነሳ ያየችኝ ተላላኪያችን ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ጨጓራ ነው አልኳት። እኛ አገር ከአንገት በታች የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው።

ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ሕመማቸውን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ነገሩኝ፤ የእኔን ግን አልጠየቁኝም። በመጨረሻ ከጣቴ ደም ወሰዱ፣ ሰገራ አምጪ አሉኝ፣ ታይፎይድና አሜባ አለብሽ ብለው ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጥተው ሸኙኝ። እርጉዝ ልትሆኚ ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ደም ስላየሁ እርግዝና በሐሳቤም አልመጣም። እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ደም መታየቱ እርግዝና የለም ማለት አይደለም።

ኪኒኑ ምግብ ከለከለኝ እንጂ ሕመሙን አልነካውም። በአራተኛው ቀን ሌላ ክሊኒክ ብሄድ የሽንት ኢንፌክሽን ነው ተባልኩ። ኪኒኑ ሦስት ዓይነት ሆነ። በዚያው ማታ ደግሞ የማይመስል ነገር መጣ፤ የግራ ትከሻዬ ጫፍ ላይ ያመኝ ጀመር። ሆዷን የታመመች ሴትዮ ትከሻዋ ምን አገባው? ታምራት ብርድ ነው አለ፤ ቅባት ቀባኝ፣ አሸኝ፣ በሹራብ ጠቀለለኝ። ዶክተሩ በኋላ እንዳስረዳኝ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ወደ ላይ እየነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። እኛ ግን ብርድ ነው ብለን ተኛን።

በማግሥቱ ቢሮ ሄድኩ። ለምን ሄድሽ የሚለኝ ካለ፣ ኦዲት ነበረብን። ከላይኛው መደርደሪያ ማህደር ላወርድ እጄን ስዘረጋ ዓይኔ ጨለመብኝ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ ጭንቅላቴን የያዘው የንብረት ክፍሉ ጋሽ በላቸው ነው። ከጋሽ በላቸው ጋር በአንድ የጠፋ ፋይል ምክንያት ለሦስት ዓመት ሰላምታ አልነበረንም። ሰውዬው አንስቶ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝና እስከ ሆስፒታል ድረስ ሾፌሩን ቀስ በል፣ ጉድጓዱን እለፈው እያለ ሲጨቃጨቅ ሄደ።

ሆስፒታል ስንደርስ ከሌሊቱ ጀምረው ከገጠር የመጡ ሰዎች ሰልፍ ይዘዋል። ሁኔታዬን ያየች ነርስ ግን ከሰልፉ አውጥታ አስገባችኝ። ሽንት ተመረመርኩ፤ እርጉዝ ነሽ አሉኝ። የመጀመሪያው ስሜቴ ድንጋጤ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ደስታ ተከተለው። ከስምንት ዓመት በኋላ ልጅ። ደስታው ከዚያ ክፍል እስከ አልትራሳውንዱ ክፍል ድረስ ቆየልኝ፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ንግግሩ ወደ ሰሜን ይሄዳል። መሣሪያውን ሆዴ ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረውና አንድ በአንድ አስረዳኝ። ማህፀኔ ባዶ ነው። ጽንሱ ያለው በግራው የማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ወደ ማህፀን መውረድ ሲገባው መንገድ ላይ ቀርቶ እዚያው ማደግ ጀምሯል። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ይባላል። ማህፀን ይለጠጣል፣ ቱቦ ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ይፈነዳል። የእኔ መድማት ጀምሯል፤ ዛሬውኑ ካልተከፈትኩ ደሜ ሆዴ ውስጥ ፈስሶ ያልቃል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ብልጭ ብልጭ ትላለች።

«ልቡ ነው?» አልኩት።

«አዎ።»

«ይመታል?»

«ይመታል እህቴ፣» አለኝ። አልዋሸኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የስምምነት ፎርሙን ሲያቀርቡልኝ አልፈርምም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ቤተክርስቲያን ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለተጫጩት ሁሉ የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ልቡ የሚመታ ልጅ በእናቱ ሆድ ሳለ፣ እናትየዋ ብትሞት እንኳ የሐኪም እጅ አይነካውም። ጥያቄ ያለው እላለሁ፤ ማንም ጥያቄ ኖሮት አያውቅም። ለሌላው ሰው ሕግ ያልኩትን ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ልለውጠው? እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳስበው ከእምነቴ ያላነሰ ትዕቢቴም ነበረበት።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ይህ ልጅ በምንም መንገድ እንደማይወለድ፣ እኔ ከሞትኩ እሱም አብሮኝ እንደሚሞት፣ ሁለት ልጆች ቤት እንደሚጠብቁኝ ነገረኝ። ሁሉንም ገብቶኛል አልኩት። በእርግጥም ገብቶኝ ነበር። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰኩልኝ፣ ደም ይዘጋጅ ተባለ፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ አጠገብ ካለች ክፍል አስተኙኝ። ነርሷ እግሬ መቀዝቀዙን አይታ የራሷን ሹራብ አምጥታ ጠቀለለችልኝ።

ታምራት ከነሲሚንቶው መጣ። ዶክተሩ ከነገረው በኋላ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ፈርሚ አለኝ። አይሆንም አልኩ። እሱ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል፤ አማርኛውን ትቶ በካፊኖኖ ይናገራል። ሐኪሞቹ እንዳይሰሙ ይመስለኛል፤ ግማሾቹ ከእኛው ሰፈር መሆናቸውን ረስቶታል።

«ለልጆቹ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «እናታችሁ እስክሪብቶ ማንሳት እንቢ ብላ ሞተች ልበላቸው?»

የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው በላቸው አልኩት። ፊቱን አዞረ። እኔ ልፈርምላት ብሎ ዶክተሩን ጠየቀ፤ ዶክተሩም ራሷን እስካወቀች ድረስ የእሷ ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው አለው። ታምራት ስልኩን አውጥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ለአባ ማትያስ ሊደውል እንደሆነ አውቄያለሁ፤ አባ ማትያስ የቤተክርስቲያናችን ቆሞስ ናቸው። ይደውል አልኩ በሆዴ፤ እሳቸው የእኔን ይደግማሉ እንጂ ሌላ አይሉትም።

አባ በዚያ ቀን ወደ ዋጫ ወርደው ገጠር ያለች አንዲት ጸሎት ቤት ነበሩ፤ ኔትወርክ የለም። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ታምራት በረንዳው ላይ ስልኩን ሽቅብ ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲል በመስኮቱ ይታየኛል። እነዚያን አራት ሰዓቶች ሳልዋሽ ልንገራችሁ። ፈራሁ። እምነት ያለው ሰው ሞትን አይፈራም የሚሉ አሉ፤ እኔ ፈርቻለሁ። ሕመሙ ሲነሳ ሁለቱ ልጆቼ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን ማን እንደሚያጥብላቸው አስባለሁ፤ ሲለቀኝ ደግሞ ያቺ ብልጭ ብልጭ የምትለዋ ነገር ትመጣብኛለች። በሁለቱ መካከል መጸለይ አልቻልኩም። አባታችን ሆይን ጀምሬ መሐል ላይ ይጠፋብኛል።

ስምንት ሰዓት ሲል ታምራት እየሮጠ ገባ። አባ መስመር ላይ ናቸው። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው። አባ መጀመሪያ የጠየቁት ዶክተሩን ነው።

«ዶክተር፣ የምታወጡት ምኑን ነው?»

«ቱቦውን ነው አባ። ተጎድቷል፣ እየደማ ነው።»

«ብትጠብቁስ ልጁ የመትረፍ ዕድል አለው?»

«የለውም። ብንጠብቅ ሁለቱንም እናጣለን።»

ከበስተኋላቸው ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«አስቴር፣ ልጄ፣ ቤተክርስቲያን የከለከለችው ልጁን ልግደል ተብሎ የሚደረገውን ነው። ይህ እሱ አይደለም። የሚያወጡት የታመመውን አካልሽን ነው። ልጁ መሞቱ ያሳዝናል፤ ግን ሞቱን አንቺ አልፈለግሽውም፣ ሐኪሙም አልፈለገውም። ፈርሚ።»

«እኔ እንዲህ ብዬ አላስተማርኩም፣» አልኳቸው።

«በሰጠሁሽ የማስተማሪያ መምሪያ ውስጥ አለ እኮ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ሙሉውን ገጽ ይዞ።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ የተጫጩት ልጆች ለመጀመሪያው ትምህርት ብቻቸውን አይመጡም፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች አብረው መጥተው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱን በዚያ ይባርኩታል። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። የሙሽራው አባት ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው ያዩኛል። ገጹን ገለጥኩ። ማህፀን ይላል፣ ቱቦ ይላል፣ ደም መፍሰስ ይላል። በእነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ይህን ላንብብ? ፊቴ ጋለ። ገጹን አለፍኩትና ከእሱ በፊት ያለውን ክልከላ ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። በሁለተኛው ዓመትም አለፍኩት። በሦስተኛው ዓመት ገጹ መኖሩንም ረሳሁት። መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ከሰው ማህደር አንዲት ወረቀት ብትጎድል አገር ይያዝልኝ እላለሁ።

ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ሌላው ቀን ነበር።

ከሰመመን ስነቃ ታምራት ወንበር ላይ ተቀምጦ አንቀላፍቷል፤ ጫማው ላይ ያለው ሲሚንቶ ደርቋል። ዶክተሩ ቱቦው ግማሹ ተቀዶ እንዳገኘው፣ ከምሽት በፊት ያልቅልኝ እንደነበር ነገረኝ። የተሰጠኝ ደም የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከሆስፒታሉ፣ አንዱ የጋሽ በላቸው። ፋይሉን ግን እስካሁን አልመለሰም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር መትረፌ ያመጣው ደስታ ነው። ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ስፌቱ እስኪያመኝ አለቀስኩ። ታምራት ወንድ ይሁን ሴት ብሎ ጠየቀ፤ ገና ስለሆነ አይታወቅም አሉት። አባ በማግሥቱ መጥተው አልጋዬ አጠገብ ለልጁ ጸለዩ፤ ታምራት በእኛ ጸሎት አሜን ሲል የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ጽንሱ ገና ሲጀምር ከታወቀ ያለ ኦፕሬሽን በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒትም እንዳለ ዶክተሩ ነግሮኝ ነበር፤ ለእኔ ጊዜው አልፏል እንጂ። አባን ስለ መርፌው ብጠይቃቸው በእሱ ላይ የቤተክርስቲያን መምህራን ራሳቸው እስካሁን እንዳልተስማሙ ነገሩኝ። ይህን የምጽፈው አሁን ሁሉን አወቀች እንዳትሉኝ ነው።

ስድስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። ዶክተሩ ወደፊት ካረገዝኩ ሳልውል ሳላድር ለምርመራ እንድመጣ አስጠንቅቆኛል፤ እንዲህ ያለው ነገር ሊደገም ይችላል። እናንተም የወር አበባችሁ ዘግይቶ በአንድ በኩል ሆዳችሁን ከወጋችሁ፣ ትከሻችሁን ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ፣ ታይፎይድ ነው የሚላችሁን አመስግናችሁ የእርግዝና ምርመራ አድርጉልኝ በሉት።

መቆም ስችል ወደ አባ ሄጄ የጋብቻውን መዝገብ አስወጣሁ። ያስተማርኳቸውን ጥንዶች ስም በሙሉ ገለበጥኩ። አባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ለሁሉም እናገረዋለሁ ቢሉኝ እንቢ አልኳቸው፤ በእኔ አፍ የተጓደለው በእኔ አፍ ይሙላ አልኩ። አሥራ አንደኛውን ገጽ በቦርሳዬ ይዤ ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜም ሲሆን ጠዋት፣ ቤት ለቤት ጀመርኩ። አንዳንዱ ቡና እናፍላ ይለኛል፤ አንዳንዱ ሚስቱን ጠርቶ እሱ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ይህ ወግ አይደለም አሉኝ። ይሁን ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

ማንኪራ ወደምትባለው የገጠር ቀበሌ የደረስኩት በአንድ ቅዳሜ ነው። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ በጫካው ውስጥ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ስፌቴ ስላልጠና ሦስቴ አረፍኩ። አየለች ደጇ ላይ ቀይ የቡና እሸት በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥታ ታገላብጣለች። ከአምስት ዓመት በፊት ነው ያስተማርኳት። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳትና ቆሜ አነበብኩላት። እጇ ከቡናው ላይ ቆመ።

«ይህ ገጽ ያን ጊዜም ነበር እትዬ አስቴር?» አለችኝ።

«ነበር።»

«ለእኛ አላነበቡትም።»

«ሽማግሌዎቹን አፍሬ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረችኝ። እሷም እንደ እኔ ታማ ጅማ ወስደዋታል፤ የእሷ በቀኝ በኩል ነበር። ፎርሙን ራሷ ፈርማለች። እሷና ባሏ ለሰው ሁሉ ትርፍ አንጀት ነው ብለዋል።

«ልጄን ገድዬ ነው የዳንኩት ብዬ ሦስት ዓመት አልቆረብኩም፣» አለች። «ለንስሐም አልቀረብኩም። ምን ብዬ ልናገር?»

እኔ ደግሞ እነዚያን ሦስት ዓመታት በየእሁዱ አይቻታለሁ። ሌላው ሰው ሊቆርብ ሲነሳ እሷ የኋላው አግዳሚ ላይ አንገቷን ደፍታ ትቀራለች። አይቼ ዝም አላልኩም፤ ለሴቶቹ ማኅበር ይቺ ልጅ ልቧ ሌላ ጋ ሄዷል፣ ምን ይታወቃል ምን ሠርታ እንደሆነ ብያለሁ። ይህንንም ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ይቅር ብያለሁም አላለችኝ፣ ይሂዱልኝም አላለችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና ወረቀቱን አየችው።

«እስቲ ይድገሙልኝ፣» አለች። «ቀስ ብለው።»

ደገምኩላት። ስጨርስ በጣቷ ወደ ገጹ መጀመሪያ አመለከተችኝ። ሦስተኛ ጊዜ አነበብኩላት።